የእማሆይ ወንድም በገና

ሞላሌ ባስተማርኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አከራዬ የክፍሌን ግድግዳ በምርኩዛቸው ደበደቡት። አንዴ አይደለም፤ ሦስቴ። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ቁጡ ነኝ። መብራት ገና አልገባም፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሰውም አላውቅም፤ ያለችኝ ጓደኛ ከደብረ ብርሃን ይዣት የመጣሁት ትንሽ ቴፕ ብቻ ነበረች። እሷንም ሊከለክሉኝ ነው? ድምፁን ጭራሽ ጨመርኩት።

ብዙም ሳይቆይ እማሆይ በራፌ ላይ ቆሙ። እማሆይ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የጫኑ፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ከቤታቸው አንዷን ክፍል ለእኔ ያከራዩ ሴት ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ከእኔ የሚያንስ አልነበረም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አንገታቸውን ወደ ቴፒቱ ዘንበል አድርገው ጥቂት አዳመጡና፣

«በዚህ ሳጥን ውስጥ በገና የለም?» አሉኝ።

«የለም። ዘፈን ነው ያለው።»

«እሱማ ይሰማል። ገበያው ድረስ ይሰማል። በገና ካለሽ ስትፈልጊ ቀኑን ሙሉ ክፈቺው። ከሌለሽ ግን እስከ ፋሲካ ሳጥኑም ይጹም።»

ሳጥኑም ይጹም! ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ተመለሱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደብረ ብርሃን ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ስመለስ አንድ የበገና ካሴት ይዤ መጣሁ። እልህ ነው የገዛልኝ፤ እውነቱን ልናገር። እሁድ እማሆይ ከሰንበቴ ሲመለሱ ጠብቄ፣ ቴፒቱን ከደጃቸው መደብ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩላቸው። አንዱን ገጽ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«ደህና ነው» አሉ። «የወንድሜን ግን አያህልም።»

ደሜ ፈላ። በዚያ መንገድ ስንገላታ ሄጄ ስንገላታ መጥቼ፣ እግዜር ይስጥሽ እንኳ የለም! «ወንድምዎ ደግሞ ማን ናቸው?» አልኳቸው፣ ድምፄ ትንሽ ከፍ ብሎ።

እማሆይ እስካሁን ማንም ሳይጠይቃቸው የኖረ ጥያቄ የተጠየቁ ያህል ፊታቸው በራ። ወንድማቸው በሁለት ዓመት ያንሷቸዋል። አባታቸው በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ ሲሞቱ መሬቱን ለእማሆይ፣ በገናውን ለወንድ ልጃቸው ተዉ። ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው መርሐቤቴ ሚስት አገባና በገናውን እንዳቀፈ ቆላ ወረደ፤ ኑሮውንም እዚያው ዓለም ከተማ አጠገብ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ፣ እሱም ለቅሶ ላይ ተያይተዋል። በለቅሶ ደግሞ በገና አይደረደርም።

«ከዚህ ከጓሮዬ ቁልቁል ቢታይ አገሩ ይታያል» አሉኝ። «ማየት ምን ያደርጋል? ጉልበት የለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሁድ ከሰዓታችን ተለወጠ። የሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው፣ ሁሉም ሽማግሌና ባልቴት፣ ቆሏቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እየመጡ መደቡ ላይ ይደረደራሉ። እኔ ካሴቱን እከፍታለሁ። ሲያልቅ አንዱ ከሆዱ የወጣ ነገር ይናገራል። አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ፣ «ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይደነቁራል ይባላል፤ ውሸት ነው። የሚያናግረው ሲያጣ ነው የሚደነቁረው» ሲሉ ሰምቼ፣ እንዳትጠፋብኝ ብዬ ደብተር አውጥቼ ጻፍኳት። አንዲት ባልቴት ደግሞ፣ «እኔ እንኳ በገና ስሰማ የማስበው ኃጢአቴን አይደለም፤ ይቅር ይበለኝ። የሰርጌን ቀን በቅሎ ነው» አሉ። እሷንም ጻፍኳት።

በሚቀጥለው እሁድ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ይህን እኔ ነኝ ያልኩት? አይ ቁም ነገር!» አሉ። ባልቴቷ ግን እርማት ነበራቸው፤ በቅሎዋ ዳማ እንደነበረች ካልተጻፈ ነገሩ ውሸት ነው አሉ፤ ጨመርኩላቸው። ወሬው ሲሰማ ሰው በዛ። ከሳምንት ሳምንት የሚሉትን አሰላስለው የሚመጡም ነበሩ። አንድ ቀን ታዲያ እማሆይ፣ «እኛን ጽፈሽ ጽፈሽ የራስሽን ደበቅሽ። አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» አሉኝ። ለሳምንት ቀጠሮ ወሰድኩ። መጀመሪያ ስመጣ ሞላሌን እንደ እስር ቤት እንደቆጠርኳት፣ አሁን ግን እሁድ እስኪደርስ ቀን እንደምቆጥር ጽፌ አነበብኩላቸው። ባለ በቅሎዋ ባልቴት ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። የዚያን ዕለት ለካ ባዳ መሆኔ ቀርቶ ነበር።

ጥቅምት ላይ እማሆይ፣ «እንግዲህ ለወንድሜም ጻፊልኝ» አሉኝ።

ሲያስጽፉኝ አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀ። ሆዳቸው ውስጥ የቆየው ነገር የሚስቱ ሞት ነበር። ሴትዮዋ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እማሆይ ለቅሶ አልወረዱም። ጉልበታቸው ነው የከለከላቸው፤ ግን ጉልበቴ ነው ቢሉ ማን ያምናል? «የሚስትህ ለቅሶ ላይ ሳልቆም ቀረሁ። ተቀይመኸኝ እንደሆነ ይቅር በለኝ። በገናህን ሳልሰማ እንዳልሞት የምትልክበትን ዘዴ ፈልግ» የሚለውን ሦስት ጊዜ መልሼ እንዳነብላቸው አደረጉኝ።

«በስመ አብ ወወልድ የሚለውን በቀይ ጻፊው» አሉኝ። ቀይ እስክሪፕቶ የአስተማሪ ጌጥ ነው፤ ሞልቶኛል። ወረቀቱን ለመንገድ እንዲመች በቁመቱ ለሁለት አጠፍኩት፤ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩና በክር አሰርኩት። ባና፣ ያን የመንዝ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሊሸጥ ወደ መርሐቤቴ በእግሩ የሚወርድ ነጋዴ ነበር፤ ለእሱ ሰጠነው።

ነጋዴው በወሩ ተመለሰ። «አድርሻለሁ፤ ከእማሆይ ነው ብዬ በእጃቸው ሰጠኋቸው» አለ። «ተቀብለው ሳሙት፤ ግንባራቸውንም አስነኩት።»

«ከዚያስ?» አሉ እማሆይ።

«ከዚያማ እግዜር ይስጥህ አሉኝና ሄድኩ። ታመው ተኝተው ነበር።»

መልስ የለም። ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥ አለፈ። ሌሎች ነጋዴዎች ወርደው ወጡ፤ «ድነዋል፤ ደህና ናቸው» ከማለት በቀር የሚያመጡት ቃል አልነበረም። አንድ እሁድ ካሴቱን ልከፍት ስል እማሆይ፣ «ተይው ልጄ፤ ዛሬ ይቅር» አሉ። በሚቀጥለውም እሁድ ይቅር አሉ። «ተቀይሞኛል። ስሞ ዝም ማለት ምን ማለት ነው? ስንብት ነው» አሉኝ። የዚያ ሰውዬ ነገር አንገበገበኝ። አንድ መስመር ማጻፍ ምን ይከብዳል? የግማሽ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እኔ ራሴ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። እማሆይ አትሂጂ አላሉኝም። ይልቁንስ አንድ የተቋጠረ ጨርቅ ይዘው መጡ።

«ምንድን ነው?»

«የበገና አውታር ነው። የበግ አንጀት አጥቤ፣ ፈትዬ ያደረቅሁት። ሰው ሲያረጅ አውታር የሚፈትልለት ያጣል።»

መንገዱን አታንሱብኝ። በእግር ገደሉን ወርዶ ለሚሄድ ሁለት ቀን ነው፤ በመኪና ግን ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በሙከጡሪ ዞሮ ሦስት ቀን ይፈጃል። አንጀቱ ደርቋል ቢሉኝም ሙቀት ሲነካው ሽታው ተነሳ። የጀማን ወንዝ ስንሻገር አውቶቡሱ በሙሉ «ምን የሞተ ነገር ነው?» እያለ ወንበር ሥር ያያል። እኔም አብሬ አያለሁ። ሀፍረቴን ለመርሳት ቴፒቱን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ዘፈኔን ስሰማ ሄድኩ።

አባባን፣ የእማሆይን ወንድም ማለቴ ነው፣ ከቤታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እህትዎ ጋ ተከራይ ነኝ ስላቸው ብድግ ብለው አቀፉኝ። የተቀየመ ሰው አይመስሉም። ሦስት ቀን ስሰበስበው የመጣሁት ቁጣ የት ላድርገው? «ታዲያ ደብዳቤው ሲደርስዎ ምነው መልስ ነሷቸው?» አልኳቸው።

«የምን ደብዳቤ?»

«በባና ነጋዴው የላኩልዎት።»

«እሱማ ደብዳቤ አላመጣም። ክታብ ነው ያመጣልኝ» አሉና የሸሚዛቸውን አንገት ከፈት አደረጉ። በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለች፣ በቀይ ቆዳ ዙሪያዋን የተሰፋች፣ አውራ ጣት የምታክል ነገር ደረታቸው ላይ ነበረች።

የኔ ጽሑፍ ናት! ወባ ጥሏቸው በሚንቀጠቀጡበት ቀን ነው የደረሰችው። ከመነኩሲት የተላከ፣ በቀጭኑ የተጠቀለለ፣ በክር የታሰረ። ጫፉን ገለጥ አድርገው ቢያዩ በቀይ የተጻፈ ስመ ሥላሴ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል? ክታብ ደግሞ ለሰው አይነበብም። ቆዳ ለሚሰፋ ሰው ልከው አሰፉት። «ባሰርኩት በሦስተኛው ቀን ላብ በላብ ሆኜ ተነሳሁ» አሉኝ።

«አባባ፣ ይህ ክታብ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ አዩኝ። «አንቺ ደብተራ ነሽ?»

«አስተማሪ ነኝ!»

«በቀይ ተጽፏል እኮ።»

«የተማሪ ደብተር የማርምበት እስክሪፕቶ ነው! ይስጡኝ፤ ስፌቱን እንፍታውና ላንብብልዎ።»

በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ከደኑ። «ክታብ ሲፈታ የት አይተሻል? ወባው ተመልሶ ቢመጣስ?» አሉ። ለመንኳቸው፤ እምቢ። ጮህኩባቸው፤ በሽማግሌ ላይ ጮህኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እሳቸው ግን ሳቁብኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማሽም? ይኸው ሁለታችንም አንድ ላይ ተሰፍተናል። አንቺ ከጻፍሽው ምን እንዳለ ታውቂው የለም? በቃልሽ ንገሪኝ።»

ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ነገር ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አልኩላቸው። ለቅሶው ላይ ስደርስ ፈገግታቸው ጠፋ። በገናህን ሳልሰማ እንዳልሞት የሚለው ላይ እጃቸው ወደ ክታቡ ሄደ።

«ይህን ሁሉ ደረቴ ላይ ይዤው ነው ከርሜ?» አሉ። «እኔ እኮ ለቅሶ ስትቀር ተቀይማኛለች ብዬ ነበር። ይህ ሲመጣልኝ፣ እትዬ ታረቀችኝ፣ ብታዝንልኝ ነው ክታብ ያስጻፈችልኝ ብዬ ነው የሳምኩት።» ከዚያ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «አሁንማ ጭራሽ አልፈታውም።»

በገናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከዐሥሩ አውታር አራቱ ብቻ ቀርተውታል። ጨርቁን ፈትቼ ሳሳያቸው አንሥተው አሸተቱት፤ ያን አውቶቡስ ውስጥ ያሳፈረኝን ሽታ እንደ ሽቶ ሳቡት። «የመንዝ በግ! የቆላ በግ እኮ አንጀቱ ድምፅ የለውም» አሉ። አውታሩን መወጠር፣ ማላላት፣ እንደገና መወጠር ሁለት ቀን ወሰደ። እኔ ምግብ እየበላሁ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ የሚሉትን በደብተሬ እየጻፍኩ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ቴፒቱን አጠገባቸው አድርጌ፣ ከአዲስ አበባ የገዛሁትን ባዶ ካሴት አስገብቼ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ስጫን ነው የራሴ ጉድ የታየኝ። በመንገድ ዘፈን ስሰማ የባትሪውን ድንጋይ ጨርሼዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ድንጋዮቹን አውጥቼ ከድንጋይ አጥር ላይ ፀሐይ አሞቅኋቸው፤ ነከስ ነከስም አደረግኋቸው። እየተጎተተችም ቢሆን ቴፒቱ ዞረች። አባባ ደረደሩ። ስለ በገና የማውቀው ጥቂት ነው፤ ግን ደብተሬን ዘጋሁት። ሲጨርሱ ለእህታቸው ጥቂት ተናገሩ። እዚያው መልሰን ብንሰማው ደህና ነበር።

ሞላሌ ስመለስ ጾም ገብቶ ነበር። ለእማሆይ የክታቡን ነገር ስነግራቸው ከሳቃቸው የተነሳ መደቡን ያዙ። «ክታብ! የአባቴ ልጅ! የንስሐ አባት የለውም? ክታብ እኮ የሰነፍ ሃይማኖት ነው!» አሉ። እየሳቁ ግን ሁለቴ ጠየቁኝ፤ «አልተቀየመኝም አልሽኝ? በእናትሽ ሞት?»

እሁድ ሁሉም መጡ። አዲስ ድንጋይ አስገባሁና ከፈትኩት።

ወይ ጉዴ! በገናው ይሮጣል። የአባባ ያ ወፍራም ድምፅ ቀጥኖ የጎረምሳ ሆኗል። ድንጋዩ ደክሞ ቴፒቱ ቀስ ብላ ስለቀዳችው፣ አሁን በሙሉ ጉልበቷ ስትዞር ድምፁ ተለወጠ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ አበላሸሁት ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ እማሆይ እጄን ያዙት።

«ተይው።»

«እማሆይ፣ የድምፃቸው ልክ ይህ አይደለም። ያረጀውን ድንጋይ ልመልስና...»

«እንዴት አይደለም? በገናውን አቅፎ ከዚህ ደጅ ሲወርድ ድምፁ ይኸው ነበር። ሃያ ዓመቱ ነበር።»

እጄን አልለቀቁም። እያለቀሱ ነበር፤ እየሳቁም ነበር። ከዜማው በኋላ ያ የጎረምሳ ድምፅ፣ «እትዬ፣ ክታብሽ ደርሶኛል። ወባዬንም ቅያሜያችንንም አሻረልኝ። አውታሩ ጥሩ ነው፤ ፈትለሽ ላኪልኝ፤ እኔ እደረድርልሻለሁ» ሲል፣ እማሆይ ቴፒቱን እያዩ፣ «እሺ ወንድሜ፤ እልክልሃለሁ» ብለው መለሱላት። ጎረቤታችን ሽማግሌ ያን ዕለት የሚጻፍ ነገር ሲጠየቁ፣ «ዛሬ አትጻፊ፤ ዛሬ ይበቃል» አሉ። እኔ ግን ጻፍኩት።

ካሴቱን እስከ ፋሲካ ስንት እሁድ ሰማነው! እማሆይ መልስ ሲያስጽፉኝ፣ «ስመ ሥላሴውን በሰማያዊ ጻፊው፤ ይህንንም ደግሞ እንዳያስረው» አሉኝ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቴፒቱን ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ፤ ካሴቱን ለእሳቸው ተውኩላቸው። ያለ ቴፕ ምን ያደርግልዎታል ብላቸው፣ «አብሮኝ ይክረም» አሉ።

መስከረም ላይ ስመለስ ደጅ ድረስ ወጥተው ሳሙኝ። ሲያቅፉኝ አንድ ጠንካራ ነገር ደረቴን ወጋኝ። አየሁት። አራት ማዕዘን፣ የእጅ መዳፍ የምታክል፣ ዙሪያዋን በቀይ ቆዳ የተሰፋች ነገር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥላለች።

«እማሆይ! ካሴቱን አሰፉት? አሁን እንዴት ልንሰማው ነው?»

«ሰምቼዋለሁ» አሉ።

«ክታብ የሰነፍ ሃይማኖት ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም? ይስጡኝ፤ ስፌቱን ልፍታው።»

በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ከደኑት፤ ልክ እንደ ወንድማቸው።

«የእሱን አስፈታሽው?» አሉኝ።

«አላስፈታሁም። እምቢ አሉኝ።»

«እንግዲያ እኔንም ተይኝ» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መደባቸው ሄዱ። ተቀምጠው ነጠላቸውን ካስተካከሉ በኋላ ወደ ቴፒቱ አገጫቸውን ቀሰሩ። «ይልቅ ያቺን ገበያ ድረስ የምትሰማዋን ዘፈንሽን ክፈቺ። ጾሙ እንደሆነ ወጥቷል።»